ከሆዷ ሥር ጀምሪ

እምቦጩን ልትለካ ሐይቁን ስትዞር ውላ፣
ማታ ትመጣለች የጣናን ትንኝ በክንፏ ጠርዝ አዝላ።
ነጭ ናት፤ ጅራቷ ሰማያዊ፤ ሞተሯ አንድ ለናቱ፤
ፀሐይ የጠበሰው ትንኝ እንደ ኖራ ነው ጽናቱ።

ባሕር ዳር፣ ከማኮብኮቢያው ጥግ፣ ቆርቆሮው ሃንጋር ውስጥ፣
ሁለት ወር ያልሞላኝ ተለማማጅ፣ በአዲስ ቱታ ስቁነጠነጥ፣
ጋሽ ሽታው ሻይ ሊጠጣ እስኪወጣ ጠብቄ
አሴቶኑን አወረድኩት፤ መች ጠይቄ፣ መች አውቄ።

ከጅራቷ ጀመርኩ። አቤት ሲፈጥን! ትንኙ ጠፋ እንደ ጤዛ፤
ጨርቁ ግን ሰማያዊ ሆነ፣ ጅራቷ ደግሞ ፈዛዛ።
የከረመ ቀለም ጣቴ ላይ ማስቲካ ሆኖ ቀረ፤
ከመለያ ፊደሏ የአንዱ ግማሽ ጎን ተሰወረ።

ጋሽ ሽታው ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ አሸተተ፤
የጠርሙሱን ስም ሳያየው ጠራው፤ ጨርቁን ከእጄ ጎተተ።
(ስሙን ያወጡለት ሰዎች አፍንጫውን አይተው ይሆን?)

«ብረት ናት ያለሽ ማነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።
«አሉሚኒየም ነው ሥጋዋ። ይሄ ቆዳዋ ነው።
ቆዳዋን ከገፈፍሻት፣ የክረምቱ ዝናብ፣ የሐይቁ እርጥበት
ገብቶ ይበላታል፣ ውስጥ ለውስጥ፣ በየስፌቷ።
የመጣው ትንኝ ነው አይደል? ትንኝን ምን ያሟሟዋል?
ውኃ። ውኃና ሩብ ሰዓት።
ጨርቅ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ፦
ቆሻሻው ምንድን ነው? ከሥሩስ ያለው ምንድን ነው?»

እርጥብ ፎጣ አለበሳት፣ ክንፏን እንደ ትኩሳታም ግንባር።
ጠበቅን። ከጣራው በላይ ይብራዎች ወደ ደሴቱ ያልፋሉ፤
ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩምባ ይመጣል።
ከዚያ ሳሙናው፦ ኮምጣጤም ያልሆነ፣ አመድም ያልሆነ፣
መሐል ሰፋሪ ሳሙና፤ በጥጥ ጨርቅ፣ አየሩ በሚሄድበት መንገድ።
ትንኙ እንደ እንቅልፍ ለቀቀ።

«መስኮቷን መስታወት አይምሰልሽ፤ ፕላስቲክ ነው።
አሞኒያ የነካው ቀን ከውስጡ ሸረሪት ያደራበታል፤
አብራሪው ጣናን ትቶ ድሩን ያያል።
እሷን በውኃና በመዳፍ። ቀለበትሽን አውልቂ።
ዘይት የነካው ሆዷን፣ አልኮል ግማሽ፣ ውኃ ግማሽ፣
ሞተሯ ሲበርድ ብቻ፣ ሁለቱም በር ወለል ብሎ፤
ጨርቁን አርሺ እንጂ እሷ ላይ አታፍስሺ።
ገጹን ከመጽሐፏ ያላነበብሽለትን ጠርሙስ አትክፈቺ።»

«ካልታወቀኝስ?»

«ከሆዷ ሥር ጀምሪ። ማንም ከማያየው፣ ከእግሯ ጓዳ።
ጥፍር የምታህል ቦታ። ጠብቂ። ጨርቁን እዪው፤
ቀለም ካለበት፣ ይቅርታ ጠይቀሽ ተመለሺ።»

ለእኔ ጓንት ሰጠኝ፣ አረንጓዴ፣ እስከ ክርን።
ለራሱ አላወጣም። «ለኔ ረፍዷል» አለ።
እጁን ያየሁት ያኔ ነው፦
በሚያዝያ ሐይቁ ሸሽቶት የተሰነጠቀ የዳር ጭቃ፤
ጥፍሮቹ ቢጫ፣ የጣቶቹ አሻራ የተፋቀ።
ድሮ፣ ሌላ ሃንጋር፣ ሌላ ከተማ፣
ሃያ ዓመት ቲነርና ቤንዚን በባዶ እጅ።
ጠርሙስ ሁሉ መጀመሪያ የተሞከረው
ማንም በማያየው ቦታ ነበር፤ በዚያ መዳፍ።
ጨርቁን ግን ያየለት የለም።

አሁን የመደርደሪያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው።
እንጉዳይ የምትባል ልጅ መጥታለች፣ እጇ ፈጣን፤
ጓንቱን ሳታጠልቅ ክዳን እንዳትነካ ተማምለናል።
እሱ ጡረታ ወጥቶ ሽምብጥ ቁጭ ብሏል፤
እኔ ግን ጠዋት ሃንጋሩን ስከፍት፣ ከሁሉ ቀድሞ
ሽታው ይቀበለኛል።

ፊደሏም ያኔውኑ ተቀብቷል።
ሰማያዊው ግን ከሰማያዊው አልገጠመም፤
ከሩቅ አይታወቅም፤
ቀርቦ ላጠባት ይታያል።