የስም ደቦ

በቺሌ ደቡብ ጫፍ፣ ነፋስ የነገሠባት
አንዲት ደሴት አለች፣ ዝናብ እንደ ዘመድ ሳይጠሩት የሚገባባት።
ሠላሳ አንድ ቤቶች፣ በእንጨት እግር የቆሙ፣
ማዕበል ሲመጣ ቁርጭምጭሚታቸውን ነክረው የሚከርሙ።
ስልክስ ነበራቸው፤ ስልክ ብቻውን ምን ይላል?
ኮረብታ ጫፍ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ማን ይውላል?
የጡረታው ፊርማ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣
ሁሉም «ድረ ገጹ ላይ ግቡ» ሆነ ዘንድሮ።
«ግቡ» ማለት ቀላል ነው፤ በሩን ማን አሳየ?
ሦስት ሰዓት በጀልባ ሄዶ፣ «ሲስተም የለም» ተብሎ፣ ስንቱ ባዶ እጁን ተለየ!

አንድ ቀን በመጋቢት ኤደልሚራ ካርካሞ፣
የባሕር ሣር ለቃሚ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ወገቧ ቢጎብጥም ምላሷ ሰልፍ ቆሞ፣
«ሚንጋ!» ብላ ጮኸች።
ሚንጋ ማለት ደቦ፤
እነሱ ዘንድ ቤትም ይነቀላል፣ ከነመስኮቱ ከነጣሪያው በበሬ ተስቦ፣
ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣
ሌላ ዳርቻ ይተከላል፤ ምሳው ድንች፣ ክፍያው ጨዋታ።
«ቤት የሳበ በሬ፣» አለች፣ «አንቴና ፊት ሊረታ?»

ተሳበ ምሰሶው። ጭቃው እስከ ጉልበት።
ሁለት ገመድ ተበጠሰ፤ አንዱ በሬ ተኛበት።
ኤሊዮዶሮ የሚሉት ጎረምሳ፣ ከዋናው ምድር ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ፣
ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ዲሹን ወደ ማዶው ማማ ሲያዞር፣
እናቱ ከታች ቆማ፣ ነፍሷ ሲገባ ሲወጣ።
ሲመሽ፣ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች።
መንደሩ አጨበጨበ፤ ኤደልሚራ ግን «ገና ነው» አለች።
«መስመር ደረሰ ማለት፣ ሰው ደረሰ ማለት አይደለም፤
ደፉ ከፍ ያለበት ሰው፣ ለሱ ያው በር የለም።»

ክረምቱን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ምድጃ ዳር ሰው ተኮለኮለ፤
መረብ የሰፋ፣ ድንች የቆፈረ ጣት ሁሉ መስታወት ላይ ተንከባለለ።
የኤሪቤርቶ አውራ ጣት አንድ ፊደል ስትነካ ሦስት ትጽፋለች፤
እሱ «የሕፃን ዕቃ!» ብሎ ይቆጣል፣ እሷ ግን ትለፋለች።
ሮሳሜል ዓይኑ አያይም፤ ስልኩ ታነብለታለች፣ እየተጣደፈች፤
«ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ማን አባረረሽ?» ሲላት ኤሊዮዶሮ ቁልፍ ነካ፣ እሷም አረፈች።
የይለፍ ቃል ምረጡ ሲባሉ፣ ሁሉም የላሙን ስም ሰጠ፤
የጎረቤቱን ላም የማያውቅ የለም፤ ምስጢሩ በዚያው ቀለጠ።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ ካርታ ተከፈተ።
የደሴቷ ቦታ
ግራጫ ጠብታ ነው። ስም የለ፣ መንገድ የለ፤
ሰው የኖረባት አትመስልም ላንድ አፍታ።
«ይህን ማን ጻፈው?»
«ማንም፣» አላት ኤሊዮዶሮ።
«እንግዲያ ማንም ማለት እኛ ነን፣ ዞሮ ዞሮ።»

ያን ሌሊት ስም ዘነበ።
የፈረስ ጥርስ ወሽመጥ። የመበለቶች ምንጭ። አይብ የጠፋበት ዳገት።
ሁለት ስም ያለው ኮረብታ ነበር፤ እየጮኹ፣ እየሳቁ፣
በሱ ብቻ አንድ ሰዓት ተጣሉ፣ ታረቁ።

ኤደልሚራ ዝም አለች። ጣቷ ውሃው ላይ ቆመ።
ከሰሜኑ ጠረፍ ወዲህ አንድ ዓለት አለ፣
ባሕሩ ሲሞላ የሚደበቅ፣ ስንት ጀልባ የቆረጠመ፤
ወንድሟን ሴጉንዶን፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ።
«እዚያ» ይለዋል መንደሩ፣ በአገጩ እየጠቆመ።
ሌላ ስም አልነበረውም።

ፊደል በፊደል፣ እንደ ባሕር ሣር እየለቀመች፣
የምላሷን ጫፍ ነክሳ ጻፈች፦
የሴጉንዶ ዓለት። ውሃ ሲሞላ አይታይም። በስተ ምሥራቅ እለፉ።

በጥቅምት፣ አንድ ሌሊት፣ ጉም ዓይን በያዘበት፣
የማትታወቅ ጀልባ መጣች፤ መብራቷ ታየ ከቤት።
ወደ ዓለቱ፣ ወደ ዓለቱ፤
ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጠፈች።
ኤደልሚራ ከመስኮቱ ሥር «አነበበ» ብቻ አለች።
ቆየት ብላ ወደ ኤሪቤርቶ ዞረች፦
«የምንጩን ስም ተሳስተሃል። ነገ ና፣ እናርመው።»