ሦስት ድምፅ፣ አንድ ሹፌር

እኔ አልዘፍንም፤ መኪና ነው የምነዳው።
ሰው ሁሉ በሚዘምርበት አገር፣ ድምፅ ከዳኝ ገና በማለዳው፤
ሚስ አንጋራድ፣ የመዘምራኑ አሠልጣኝ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣
«ልጄ፣ አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለችኝ በሹክሹክታ።
ይኸው ሠላሳ ዓመቴ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤
እነሱ ዜማ ይይዛሉ፣ እኔ መሪ እይዛለሁ።

ሦስት ናቸው። አራት ነበሩ፤
ወፍራሙ ድምፅ፣ ካራዶግ፣ ከነጊታሩ
አውስትራሊያ ገባ፤ ማዕድን፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ፀሐይ፤
ፖስትካርድ ላከልን፣ ስሙ ከታች፣ ካንጋሮ ከላይ።

ማብሊ ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሳለች፤
ነስታ የአባቷን በጎች ትሸልታለች፤
ኢድዋል ሥራ የለውም፤ ሲጠየቅ «አለኝ» ይላል፤
ጣሪያ ሲያይ ይውላል።

አዘፋፈኑ የመጣው ከነስታ አያት ሣጥን ነው።
መርከበኛ ነበሩ፤ ከባልቲሞር ሲመለሱ፣ ሽቶ ሳይሆን ሸክላ ነው
ለሚስታቸው የሚያመጡት። ሴትዮዋም ሦስት ቀን ያኮርፋሉ፤
በአራተኛው ቀን ግን ሸክላውን ራሳቸው ያጫውታሉ።
ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ትንፋሽ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ክህደት፤
የማናውቀውን በረሃ ናፈቅን፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ፣ በዚህ ሁሉ ርጥበት።
ሸክላው ተጭሯል፤ ማብሊ ጭረቱን ሳይቀር አጥንታለች፤
መርፌው የሚዘልበት ጋ ስትደርስ፣ እሷም ትዘላለች።

አምና ከለንደን አንድ ሰው መጣ፤ ጫማው ነጭ፣ ፈገግታው ነጭ፤
ወረቀት ከቦርሳ አወጣ፤ ከጎኑ እስክሪብቶ የሚያብለጨልጭ።
«ድምፃችሁስ ድንቅ ነው፤ ዌልሽኛውን ግን ጣሉ፤
ኮፍያ አድርጉ፣ ከቴክሳስ ነን በሉ።»
ነስታ ሻይ ቀዳችለት። ኢድዋል ጣሪያውን አየ።
ማብሊም፣ ስልክ እንደምታነሳ ሆና፦ «ቀጠሮው ሞልቷል፣ ጌታዬ።»
ሄደ። ጫማው ግን ነጭ ሆኖ አልሄደም።

በራሳችን አሳተምነው። ነስታ አንድ ሙክት ሸጠች፤
ሦስት መቶ ሸክላ፤ ማብሊ ሽፋኑን አንድ በአንድ ለጠፈች።
ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ዛሬም ከአልጋዬ ሥር ተኝቷል፤
ከእኔ ይልቅ እሱን እንቅልፍ ይወስደዋል።

ታዲያ በኅዳር፣ ብላይናይ፣ ዝናቡ ወደ ጎን ሲዘንብ፣
ሰባት ሰው፣ ከነውሻው ስምንት፣ አንዱም ወደ እኛ ሳይቀርብ፣
ሦስቱ ዘፈኑ፣ የካራዶግን ቦታ ባዶ ትተው፤
እንደ ወለቀ ጥርስ ሥፍራ ነው፣ ምላስ ሄዶ ሄዶ የሚዳስሰው።
ያኔ ከባንኮኒው፣ ጀርባውን እንደሰጠን፣
አንድ ሽማግሌ፣ አርባ ዓመት የጣሪያ ድንጋይ የፈለጠ፣
አፉን ከፈተ፤ ወለሉ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ።
ዘፈኑን አያውቀውም፤ የኢድዋል ነው፣ የሳምንት ዕድሜ ያለው፤
የት እንደሚታጠፍ ግን፣ የት እንደሚያርፍ፣ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።
የነስታ ጣት ከክሩ ላይ ተነሣ፤ ቆመ፤ ተመለሰ።
ውሻው ጆሮውን ቀሰረ፤ ያንዱ ቢራ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ።

ሲጨርስም አልዞረም። «ይሄን አሜሪካ ነው ያላችሁ ማን ነው?
ይሄማ የማክሰኞ ማታ ልምምድ ነው፤
እናቴ ከሴቶቹ ጋር፣ እኔ ከምድጃው ጎን፣ ካልሲዬ ሲደርቅ።»
ሳቀ፤ ሳል ያዘው፤ ድንጋዩ ዛሬም ከሳንባው አልለቅ ይላል፣ አልለቅ።
«ከእኛ ጋር ይዙሩ» አልነው። «ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም አለብኝ» አለ፤
አንድ ሸክላ ገዛ፤ ቤቱ ማጫወቻ እንኳ የለ።

ስንመለስ፣ አርባ አንድ ፓውንድና አንድ የካፖርት ቁልፍ ነበር በቆርቆሮው፤
ነዳጅ አይሸፍንም፤ ሆኖም ከኋላዬ አልተዘጋም ጉሮሮው፤
ማሞቂያው ከሞተ ከርሟል፤
ሦስት ትንፋሽ መስታወቱን ሸፈነው፤ ጠፋኝ ተራራው፣ መስመሩ፤
በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ መልሰው ያለብሱታል፤
«ኧረ ቀስ!» እላለሁ፤ አይሰሙም፣ እየዘመሩ።
መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩት። ዝናቡ ገባ።
አራተኛውን ድምፅ ሞተሩ ያዘው፤ ወይም እኔ ነበርኩ፤
ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩ።