አማካይ

የልብስ ክፍሉ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በኪሴ፣
በሳሙና አረፋ መሐል ሸብቶ አለቀ ራሴ።
እኔ ሰው የማውቀው በእድፉ ነው፤
ጭቃው ዳሌ ላይ ከሆነ፣ ተከላካይ ነው ያመጣው፤
በረኛን ክርኑ ያሳብቃል፣ አጥቂን ሣሩ በደረቱ፤
የቪቶልድ ክሩፓ ስምንት ቁጥር ግን
ከአንገትጌው እስከ ግርጌው እኩል ነው፣ ጭቃና ላበቱ።

አማካይ ነበራ!
ቦታውም አማካይ፣ ዕጣውም አማካይ፣
ወደ ታች የማይወርድ፣ ከላይ ሲፈልጉት የማይታይ።

ቢቶም ነው የተወለደው፣ ከከሰል ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣
አባቱ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ብቻ ፀሐይ የሚያይ።
ጉድጓዱ ሲዘጋ ክለቡም አብሮ ተዘጋበት፤
ቦርሳውን እንደ ተንተራሰ ባቡር ጣቢያ ነጋበት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜው የጣቢያ ሰሌዳ ይመስላል፤
ኤልብሎንግ ሁለት ዓመት፣ ራዶም አንድ፣ ፒዋ መንፈቅ ይላል፤
ከዚያ በውሰት።
በውሰት የሚሄደው መሰላል ነው፣ መጋዝ ነው፤
እሱ ግን ሄደ፤
ሲመልሱትም እንደ መሰላሉ አንድ ደረጃ ጎድሎት ነው።

ላርናካ ድረስ ወስዶት ነበር አንድ ደላላ፤
ጆሮው በፀሐይ ተልጦ ተመለሰ፣ ከአንድ ጆንያ ሎሚ ሌላ
የያዘው አልነበረም። ደመወዙ ሎሚው ነው።
ሚስቱ ቦዠና ማርማላታ አድርጋ እስከ ፋሲካ አብቃቃችው።

አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከትልቁ ሊግ ደርሷል፤
ፖዝናን ላይ፣ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቷል።
ኳስ ሁለት ጊዜ ነካ፤ አንዱ በእጅ ነው፣ ውርወራ።
በማግሥቱ ጋዜጣው "ክሩባ" ብሎ ነው ስሙን የጠራ።
ቆርጦ ከኪስ ቦርሳው ከተተው፤
"ፊደሏን ተዋት፣ ደቂቃዋ የኔ ናት" እያለ ለሰው የሚያሳየው።

እኛ ጋ የመጣው በሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣
ቫርታ ወንዝ ሞልቶ ሜዳችንን በዋጠበት ክረምቱ።
ደመወዝ ሦስት ወር ዘገየ።
ፕሬዚዳንቱ በትራክተር ድንች ጭኖ ከተፍ አለ፤
"ይኼ ለጊዜው" ብሎ ሁለት ሁለት ጆንያ አደለ።
ቪቶልድ አንዱን በሬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።
እኔ ከዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለሁ ማን እንደነገረው፣
እስካሁን አላውቅም።

አሁን የማወራውን ደግሞ በመዝገብ አታገኙትም።
ዝናብ ነው። ተመልካቹ ሰማንያ ሰው፣ አንድ ውሻ፤
ኳሷ ውሃ ጠግባ፣ ከብዳ ደረሰችው፣ የጨዋታው መጨረሻ፤
ቀና አላለም። በግራ እግሩ ጎን ነካ አደረጋት ብቻ፤
በሁለት ተከላካዮች መካከል፣ በር በሌለበት በር ከፍታ፣
አርባ ሜትር ሄዳ፣ ከኢጎር ጫማ ሥር ተኛች፣ በጸጥታ።

ኢጎር አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ደነገጠና ለጋት፤
አጥር ተሻግራ፣ የጡረተኞቹ የጎመን መደብ ዋጣት።
ያልገባ ጎል አቀባይ የለውም፤ የዳኛው ወረቀት ባዶ ነው።
ዜሮ ለዜሮ።
እኔ ግን ማሽኑን አጥፍቼ፣ በመስኮት ቆሜ አየሁት፤
እጄ ላይ ሳሙናው እስኪደርቅ።

ዛሬ በየፎቁ እየወጣ የጋዝ ቆጣሪ ያነባል፤
አራተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ያቃስታል።
ቅዳሜ ከአጥሩ ኋላ ይቆማል፣ እጁን ከኪሱ ከትቶ፤
አይጮህም። አንዳንዴ ብቻ ግራ እግሩ
መሬቱን ነካ ያደርጋል፣ ክፍተት አይቶ።

ክለባችን አዲስ ማሊያ አልገዛም። ስምንት ቁጥርን ዘንድሮ
ለአንድ ሽቅርቅር ልጅ ሰጠሁት።
አገላብጦ አየውና፣ "ይኼ እድፍ አይለቅም እንዴ?" አለኝ።
በሆምጣጤ ሞክሬዋለሁ፣ በሶዳ፣ በጨው።
"አይለቅም" አልሁት። "ልበሰው።"