ሰማንያ አምስት

ቧንቧ ውሃ፣ ከወፍጮው ጎን፣ አምስት እርምጃ ናት ቤቴ፤
በር ከጀርባዬ፣ መጋረጃ ከፊቴ።
ጦይባ መጣች በካፊያ፣
ለቅሬው ደብተር፣ ለጉርድ ፎቶ፤
የሷ ስም ሊጻፍ፣ የሟች ባሏ ስም ተሰርዞ ወጥቶ።

ሠላሳ አምስቱን አነሣሁና መለስኩት።
እሱ ካልተጠጉ አይሆንም፣ ትንፋሽ እስኪሰማ፤
አፍንጫ አግዝፎ ጆሮ ይሰውራል።
እሱስ ይሁን፣ ያን ያህል መጠጋት ማን ይደፍራል?

ሃምሳው ሐቀኛ ነው፣ እንደ ዐይን ያያል፤
ችግሩ ዐይኔ ነው፦
ይቺን የተቀመጠችውን ትቶ፣ ያችን የጥንቷን ያያል።

ሰማንያ አምስቱን ገጠምኩ።
አንድ እርምጃ ሸሸሁ፤ ሁለት፤ በሩ ጀርባዬን ነካኝ፤
ከፍቼው ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ የጦሳ ካፊያ አገኘኝ።
ባጃጅ ከኋላዬ ጮኸ፤
ጌሾ የያዘች ሴት በመሀላችን አለፈች።
«ለጉርድ ፎቶ ይሄን ያህል ምን አራቀህ?» አለች።

«ለአፍንጫሽ ብዬ።»

ሳቀች። ጣቴ ቀደመኝ።

ለቅሬ ደብተር ሳቅ አይሆንም፤
ኮስተር በይ ብዬ ደግሜ አነሣኋት፣
አራት አትሜ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት።
የሳቀችዋን ግን
አልሰረዝኳትም።