እንከን ያለበት ክምር

ሻርፕሽን ፍቺው እህቴ፣ ጫፉ እንዳይንጠለጠል፤
ይህ ማሽን አንዴ ከያዘ ጨርቅ ከጣት አይነጥል።
ስሜ ጌጤነሽ ነው፣ ሰፈሬ ጠባሴ፣
«ስምንት ዓመት ሌሊት ለምዳዋለች ነፍሴ»
እላለሁ፤ ውሸት ነው። ሌሊት አይለመድም፣
የሰው ልጅ ገላ ከእሱ ጋር አይዛመድም።
ቀን ልተኛ ብትይ ወፍጮ ቤቱ ይጮሃል፣
የአከራይሽ ዶሮ ስምሽን ይጠራል።

ውርጩ ከበሬሳ ሽቅብ ይወጣና
ጣታችንን ይይዛል፦ «ሞቃችሁ ወይ ገና?»
የምንሠራው ደግሞ ብርድ ልብስ ነው፣ ሳቂ፤
የሰው እንቅልፍ ሠሪ፣ የራሷን ናፋቂ።
በዚህች ከተማ ሰማይ ድሮ በንጉሥ ዘመን
ብርሃን ወረደ ይባላል፤ እሺ፣ እሱን ልመን፣
የዚህ አዳራሽ ነጭ መብራት ግን ሌላ ነው፣
ሌሊቱን ቀን ነው ብሎ ዓይንን የሚዋሸው።

እስከ ስድስት ሰዓት ወሬ ያቆመናል፣
በሰባት ስለ ዕቁብ ጠብ ያነቃቃናል፣
ዘጠኝ ሲሆን ግን፣ እህቴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
የቆምኩበት ሲሚንቶ እንደ አልጋ አማረኝ።
ክሩ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት ክር፣
አንገት ይዘነበላል ሳይጠይቅ፣ ሳይመክር።

ላቀችን በዚያ ሰዓት ሸለብ አደረጋት፤
እጅጌዋን ስቦ ጣቷን ቆረጠባት።
ዛሬ ስትስቂ አብራሽ ትስቃለች፣
«እስከ ዘጠኝ ተኩል ነው የምቆጥር» ትላለች።

አለቃችን ድንቅነህ በባትሪ ይዞራል፣
ያንቀላፋች ሲያገኝ ደብተሩ ላይ ያሠፍራል፣
የግማሽ ቀን ደመወዝ። «ለእንቅልፍ አልቀጠርንሽም!»
እውነት ነው፤ እንቅልፍ ግን ማመልከቻ አይጽፍልሽም።

ከላቀች ደም በኋላ እኛው ተማከርን፣
ከመጋዘኑ ጥግ ክምሩን ቆጠርን፦
ቀለሙ የዘለለ፣ ጠርዙ የተዛባ፣
ጅራቱ የጠፋ አንበሳ፣ ግማሽ የሆነ አበባ፣
ሱቅ የማይሰቀል፣ እንከን ያለበት፣
የኛው የእንቅልፍ ስሕተት የተከመረበት።

ሕጉ ይኼውልሽ፦ ሃያ ደቂቃ ብቻ፤
ጓደኛሽ ሁለት ማሽን ትይዛለች ለብቻ።
ከሃያ ካለፈ ጥልቅ ነው ጉድጓዱ፣
ስምሽን ትረሻለሽ፣ ይጠፋሻል መንገዱ።
ጫማ አይወልቅም። ሕልም አይጀመርም።
እኔ አንዴ ጀምሬ… ልንገርሽ? አልነግርም።

መጀመሪያ ፈራሁ፤ ሌብነት መሰለኝ
ዓይኔን መክደን እንኳ። ኋላ ግን ቀለለኝ።
ስነሣ ክሩ አንድ ነው፣ ቁጥሩም አይደናገር፣
እጄም የኔው እጅ፣ የሚሰማ ስናገር።

ወሬው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ነቅተን ስንሠራ እንከን መሥራት ተሳነን፣
አንበሳው ጅራት አበቀለ፣ አበባው ሙሉ ሆነን፤
አንድ ነጋዴም መጣ መሐል ሜዳ የሚነግድ፣
ከክምሩ በርካሽ ጭኖ ሄደ ለመንዝ ብርድ።
መኝታችን ሳሳ። በወገብ ልክ ነበር፣
ወረደ ወደ ጉልበት፤ ኋላ ሦስት ብቻ ሲቀር፣
ሲሚንቶው ጎናችንን በቅዝቃዜው ሲያገኘው፣
ላቀች አለች፦ «ጎበዝ ሆነን አልጋ አጣን፣ ይኸው!»

ድንቅነህ ደብተሩን ሲያገላብጥ አየሁት፤
«እንከኑ የት ሄደ?» አለኝ። «ምን አውቄ» አልኩት።
ባትሪውን አጠፋ። ክምሩን፣ እኛን አየ።
ያን ሌሊት በዚህ በኩል ሳይመጣ ዘገየ።
ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ከሩቅ ያስለዋል፤
ጉንፋን የለበትም፤ ለምን እንደሆነ ይገባናል።

እና ይኼን ተመልከቺ፣ ትናንት የሠራሁት፦
ጠርዙ ላይ አንዲት ክር ሆን ብዬ የሳትኩት።
ስምንት ዓመት ሙሉ ተኝቼ ተሳሳትኩ፤
ይኼን ግን ዓይኔን ገልጬ፣ አውቄ አጣመምኩ።
ኃጢአት ከሆነ ለኔ። ለስላሳ ነው፣ ንኪው።
ዘጠኝ ሆኗል። ሻርፕሽን ከራስሽ ሥር አድርጊው።
ማሽንሽን ይዤልሻለሁ።
                         ተኚ።