ያለፈ፣ የወደቀ

ሐረጎን ስንወርድ ጭጋጉ ወፍሮ፣
ላፕቶፔ ጉልበቴ ላይ በሻሼ ታስሮ፣
ረዳቱ ከበሩ ግማሽ ጎኑ ወጥቶ
"ኮምቦልቻ አንድ ሰው! የቀረን አንድ ሰው!"
እያለ ይጮኻል።
እኔም ለፋብሪካው ይዤ የምወርደው
ይህንኑ ጩኸት ነው፤
ብቻ ድምፅ የለው።

ወይዘሮ ከድጃ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣
ከበሩ ኋላ ሦስት ጆንያ አሳዩኝ፤
ማመልከቻ ነው ሁሉ። አንዱን አይጥ በልቶታል፣
አንዱን ጠፈጠፍ ነክቶት የሰው ፊት ለቋል፣
ሦስተኛው ላይ ዘበኛው ይቀመጥበታል።
"ለአምስት የሽመና ቦታ ሺህ ሰው ይመጣል።
መራጮቹ ሦስት ነን፣ ሦስታችን አንስማማ፤
አንዱ ዘመዱን ያያል፣ አንዱ እስከ መጨረሻ አያነብም፣
የእኔ ልብ ደግሞ ቶሎ ይራራል፣ አይጠቅምም።
ልጄ፣ አንድ ወንፊት ሥሪልኝ፣
የማያዝን፣ የማይሰለች፣ አማላጅ የማይሰማ።"

ሠራሁት።
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አፋፍ፣ ከጎማ ቤቱ ፎቅ፣
መብራት በመጣ ሌሊት፣ መብራት በሄደ ሌሊት።
ሁለት አዝራር ላይ ሁለት ቃል ጻፍሁ፤
አረንጓዴው፦ አልፏል።
ቀዩ፦ ወድቋል።
አማርኛን በጠባብ ሣጥን ማሰር ቀላል መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣
አልፏል ላለው ለአንዱ፣ ለገብረየስ አራጋው፣ ለመካኒኩ፣
ተደወለ። እናቱ አነሡ።
"ልጅዎ አልፏል!" አለች ጸሐፊዋ በደስታ።
ዝም አሉ። ቆዩና፣
"አውቃለሁ ልጄ፤ እኛው ቀበርነው፣ በፍልሰታ።"

ያን ማታ የወደቁትን ከፈትሁ፤ ሰባት መቶ አርባ ስም።
ወንፊቴ ስለ እነሱ የሚያውቀው ነገር የለም፣
ከቀንና ከቁጥር በቀር።
ጦይባ ይመር፦ ዘጠኝ ዓመት ፈትል፣
ከዚያ ሁለት ዓመት ባዶ።
"ባዶ ካየህ ጣል" ያልሁት እኔ ነኝ።
ያ ባዶ ምን እንደሆነ የቦርከና ድልድይ ያውቃል፣
ጣሪያው የተነቀለው መጋዘን ያውቃል፣
እኔም አውቃለሁ፤
በዚያ ዓመት የእኔም ገጽ ባዶ ነው።

ደግሞስ ወንፊት የያዘች ሁሉ መች ይጠፋታል?
ከላይ የሚቀረው ገለባው ነው፤
ዱቄቱ ይወድቃል።

አልፏልን ሰረዝሁ። በምትኩ "ይምጡ" አልሁት።
ወድቋል ላይ ግን እጄ ቀረ፤ ቃል አጣሁለት።
ከቅጹ ግርጌ አንድ ክፍት ቦታ ጨመርሁ፣
"ያልጠየቅንዎት ነገር ካለ" የሚል፤
ለወደቁትም ላክሁት።
ወይዘሮ ከድጃ ተቆጡ፦ "ማን ሊያነበው?"

ትናንት የመጀመሪያው ገባ፤ የጦይባ ነው፦
"ማታ ማታ ኔትወርክ የለም። ጠዋት ጠዋት
ጉብታው ላይ ከሾላው ሥር እቆማለሁ፣ እስከ ሁለት ሰዓት።
ያኔ ደውሉ።"