ወንበሩ የቆመ ዕለት

ቫልስኩራን በካርታ ፈልገህ ብታጣት
ጣትህን አትውቀስ፤ ተራራ ነው የዋጣት።
በደቡብ ተገትሮ፥ ትከሻው የሰፋ፣
ፀሐይ ኅዳር ሲብት ከኋላው የምትጠፋ፤
በወረቀት ስም አለው፤ እኛ «እሱ» እንለዋለን፣
እንደ ክፉ ጎረቤት፥ ስሙን ብናነሳ ይሰማል ብለን።

ሰማንያ ሦስት ቀን ጥላው ውስጥ ነን እኛ፤
ማዶ ያለው ዳገት ይሞቃል ብቸኛ፤
ጥዱ በብርሃን ሲታጠብ እናየዋለን በቀትር፣
እንደ ሰው ሠርግ፥ ከአጥር።

ግን እንዳትሳሳት፤ ጥላው ነው የሚያበላን፤
በረዶው ፀሐይ ከነካው ጭቃ ነው የሚያስበላን።
ሦስት መንገድ አለ በደረቱ የወረደ፦
ሰማያዊው ለልጅ፣ ቀዩ ለለመደ፣
ጥቁሩ... ጥቁሩማ ለማንም አልተሠራ፤
በየዓመቱ ግን አይጠፋም አንድ የሚኮራ፣
በቃሬዛ ወርዶ ስለ ነፋስ የሚያወራ።

ከአናቱ ግግር በረዶ አለ፥ ዱሮ ቆብ፥ ዛሬ ቅድ፤
አባቴ ድንጋይ ላይ በቀይ የጻፈው ዓመት
ብቻውን ቀርቷል፥ ያለ ዘመድ።
ወንዙ ከዚያ ይነሳል፥ እንደ አጓት የነጣ፤
በኩሬ አግደነዋል፥ ሰማይ ሲነፍገን መድፋችን እንዲጠጣ።
መድፉ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ይተፋል እያገሳ፤
ልጆች ይተኛሉ፤ ውሻ ብቻ ነው የሚነሳ።

እኔ ጫማ አከራያለሁ፥ ከጣቢያው ሥር ምድር ቤት፤
ሰው ሁሉ ለእኔ ቁጥር ነው፤ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት።
የሮተርዳም ሐኪም፣ የዋርሶ ሙሽራ፣
በእርጥብ ካልሲ ፊት ሁሉም አንድ ተራ።
ሌሊት ኤዚዮ ያልፋል፥ ባለሰንሰለት መኪናውን ይዞ፣
ተራራውን ያበጥራል፥ መብራቱ በጉም ደንግዞ፤
ጠዋት የምታፈርሰው ያ የተበጠረ መስመር
የኤዚዮ እንቅልፍ ነው። ቢያንስ ይነገር።

ታዲያ ጥር ሊያልቅ ሲል አንዲት ቀን አለች፤
ከእሱ ግራ ትከሻ፥ የወለቀ ጥርስ ቦታ ከመሰለች
ስንጥቅ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ፣
ፀሐይ ለአራት ደቂቃ ብቅ ትላለች፥
እንደ ቸኮለች ባለገበያ።
መምህር ታዴዮ መጽሐፉን ይከድናል፣
ጋጋሪው ዱቄት እንደ ነካው ደጅ ይወጣል፤
የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ በጀርባችን ደግፈን
እንደ ተሰጣ ልብስ እንደረደራለን።

የገመዱ ወንበር ዘዋሪ ኦርሶላ ነበረች፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በጣቢያው ጎጆ የኖረች፤
ያን ቀን ቀዩን ቁልፍ ትጫናለች በአውራ ጣቷ፤
ማንንም አታስፈቅድ፤ ይህቺው ናት ርስቷ።
ወንበሩ ሁሉ ቀጥ! ከጥዱ ጫፍ በላይ
ሁለት መቶ እግር ይወዛወዛል በሰማይ፤
አንዱ ያፏጫል፣ አንዷ ስልኳን ታወጣለች፣
«ለዚህ ነው የከፈልነው?» ትላለች።

አምና ጡረታ ወጣች። ቁልፉን የተረከበው
ሊቪዩ ነው፥ የሞልዶቫ ልጅ፥ ቋንቋችን የሚከብደው።
አንተ ንገረው፣ አንቺ ንገሪው ስንል፥ ማንም ሳይነግረው ቀረ፤
ዘንድሮ ግንቡ ሥር ቆምን፤ ወንበሩ ግን ይዞር ነበረ።
ብርሃኑ ግንባር ነካ፤ ዓይናችንን ጨፈንን፤
ያ የገመድ ሲጥሲጥታ ግን ደስታችንን ነጠቀን።

ከዚያ፥ በሦስተኛው ደቂቃ፣
ጸጥ።
ዘወር ብንል ሊቪዩ፥ ከጎጆው በራፍ፣
ኮፍያው በእጁ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ፍጥጥ።
ማንም አልነገረውም። ከእኛው ጋር ጥላ የበላ ነው፤
የነገረው ሰማንያ ሦስት ቀን ነው።

ማታ ጫማ መለሰች አንዲት ሠላሳ ሰባት ቁጥር፤
«ምን ሆኖ ነው የቆመው? ተሰብሮ ነበር?»
«አዎ» አልኳት፥ ውኃውን ከጫማዋ እያፈሰስኩ፤
«ትንሽ ተሰብሮ ነበር።»
ከርሞም ይሰበር።